ጣሪያው የማን ነው? በጎንደር ስላሉ የደርግ ጊዜ የሱቅ ሕንፃዎች

በደርግ ጊዜ የተሠራ የሱቅ ሕንፃ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ወለሉን እዩ። ግድግዳው ስንቴ ተቀብቷል፣ ኮርኒሱ ተቀይሯል፣ በሩ አሉሚኒየም ሆኗል። ወለል ነቅሎ የሚጥል ተከራይ ግን ጥቂት ነው፤ ወጪው ይበዛል፣ ሥራም ያስፈታል። ስለዚህ ከአንዱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ፈቀቅ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መስመር ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከመስመሩ ወዲህ ሊሾው ተፍቆ ጠጠሩ ወጥቷል፤ ከመስመሩ ወዲያ ትናንት የተሠራ ይመስላል። መስመሩ ባንኮኒው የነበረበት ነው። ወዲህ ሰልፈኛው፣ ወዲያ ሻጩ።

ከዚያ መስመር የሕንፃው ሙሉ አሠራር ይነበባል። አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ አንድ ረጅም ባንኮኒ፣ ከኋላ መስኮት የሌለው ወይም ከጣሪያው ሥር ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያለው መጋዘን፣ ከፊት የብረት ፍርግርግ የተገጠመለት መስኮት፣ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ። ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት በቀበሌ ካርድ ለሚከፋፈልበት ሱቅ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም ነበር። አራት አምፖል፣ አንድ ወይም ሁለት ሶኬት፣ ለሠራተኞቹ አንድ ሽንት ቤት፣ አለቀ። ዛሬ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጸጉር ቤት፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጭማቂ ቤት፣ ልብስ ሰፊና የባህል ልብስ ሻጭ ጎን ለጎን ገብተዋል። እያንዳንዱ ሱቅ ሰው አለው። ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ የፍሳሽ መስመሩና ከቆጣሪ የሚነሳው ዋናው ገመድ ግን ሰው የላቸውም። ዕድሜ ብቻውን እነዚህን ሕንፃዎች ይህን ያህል ባላጎሳቆላቸው ነበር።

ወደ ጥገናው ከመግባት በፊት ሕንፃው በእርግጥ የደርግ ጊዜ መሆኑን አረጋግጡ። ፒያሳ ላይ «የደርግ ቤት» የሚባለው ሁሉ ደርግ የሠራው አይደለም፤ ከፊሉ የወረሰው ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በያዙባቸው ጥቂት ዓመታት፣ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ባወጣው ፕላን ተነስተው ብዙ ሠርተዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ሜትር ይበቃል። መስኮቱ ላይ ቁሙና የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ፎቁንና ጣሪያውን ተሸክሟል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ከሆነ ኮለንና ቢሙ (የኮንክሪት ምሰሶውና አግዳሚው) የሚሸከም፣ መሐሉ በብሎኬት የተሞላ ሕንፃ ነው። የመስኮቱም ብረት ይናገራል። በቀጭን የብረት ፍሬም ላይ ትንንሽ መስታወት በስቱኮ ተይዞ ከተደረደረና ኮለኖቹ በየ4 ወይም በየ5 ሜትሩ እኩል እኩል ከቆሙ፣ በብዛት የ1970ዎቹ ሥራ ነው።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ግድግዳ ሊያፈርስ ለተነሳ ሰው ነው። በብሎኬት በተሞላው ሕንፃ ብሎኬቱን አውጥቶ መስታወት መግጠም ይቻላል፤ ኮለንና ቢም እስካልተነካ ድረስ። በድንጋዩ ሕንፃ ግን በር ላስፋ ብሎ አንድ ሜትር የሚፈለፍል ሰው ከላይ ያለውን ፎቅ እግር እየቆረጠ ነው። እዚያ መጀመሪያ ድጋፍ ይቆማል፣ ከዚያ ከበሩ በላይ በግራና በቀኝ ቢያንስ 20፣ 20 ሴንቲ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ቢም ይገባል፣ ማፍረሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ከበሩ ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው።

የእነዚህ ሕንፃዎች ቅርፅ ከሕጉ የመጣ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ «አከራየዋለሁ» ብሎ ሱቅ የሚሠራ ግለሰብ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል በችርቻሮ 200,000 ብር፣ በጅምላ 300,000 ብር ላይ ገደበው፤ ፈቃዱንም አንድ ሰው አንድ ብቻ አደረገው። እንግዲህ የሱቅ ሕንፃ የሚሠራው መንግሥት፣ ቀበሌ ወይም የሕዝብ ድርጅት ሆነ ማለት ነው። ደንበኛ መሳብ የሚባል ጭንቀት የለበትም፤ ደንበኛው ካርድ ይዞ ይመጣል። ለዚያ ነው መስኮቱ ዕቃ ማሳያ ሳይሆን ዕቃ መጠበቂያ የሆነው። ሲሚንቶና ብረት በድልድል የሚገኝበት ጊዜ ስለነበርም ፌሮውን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ብረት፣ የሚሸፍነው የኮንክሪት ልባስ ሳሳ ያለበት፣ ፌሮው ወደ ላይ የቀረበበት ብዙ ነው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን፤ ዛሬ ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ በ1983 መንግሥት ተለወጠ፣ በ1986 የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ተቋቋመ። በወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው። በሕንፃው ውስጥ የሆነው ግን በኮምፐርሳቶና በቺፑድ የተሠራ ነው። ሰልፉ ሲቀር አዳራሹ ሰፋ፤ ስፋት ደግሞ ገንዘብ ነው። አንድ ስድስት በአምስት፣ 30 ካሬ ሜትር የሆነ ሱቅ በዝቅተኛ ኪራይ የያዘ ሰው፣ መሐል ላይ መተላለፊያ ትቶ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ጉርኖ አወጣለት። ለመንግሥት የሚከፍለው የአንዱን፣ የሚቀበለው የስድስቱን። ተከራይ አከራይ የሚባለው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም ጣሪያውን የማይጠግነው፤ ነገ ውል ቢቋረጥበት የጠገነውን ይዞ ስለማይሄድ ነው። ሕጋዊው ባለቤት ደግሞ የሚሰበስበው ኪራይ ለአሸንዳ እንኳ አይበቃም። ይህን ቋጠሮ በሲሚንቶ መፍታት አይቻልም፤ ቢሆንም ሕንፃው እስኪፈታ አይጠብቅም፣ ይዘንባል።

ስለዚህ ከጣሪያው እንጀምር።

ብዙዎቹ ጣሪያቸው ሶሌታ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው፤ ዙሪያውን ከ40 እስከ 80 ሴንቲ ከፍታ ያለው አጥር፣ ማዕዘኑ ላይ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ። ሒሳቡን አንድ ጊዜ መሥራት ይጠቅማል። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 9,000 ሊትር ነው። ለመውረጃ ቱቦ የሚሠራው ልማዳዊ ስሌት ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ነው። ባለ 75 ሚሊ ቱቦ አፉ 44 ካሬ ሴንቲ ነው፤ ባለ 110ው 95። ለ300 ካሬ ሜትር እንግዲህ ከባለ 75ቱ ሰባት፣ ከባለ 110ሩ አራት ይፈለጋል። መጀመሪያ የተገጠመው ቢበቃም እንኳ ከጊዜ በኋላ አንዱ ቱቦ በሱቅ ክፍፍል ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሌላው «ደጄን አራሰብኝ» ተብሎ ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። መውረጃው ተዘግቶ ውኃው 10 ሴንቲ ብቻ ቢቆም በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ኪሎ፣ በጠቅላላው 30 ቶን ነው።

ሮቶው ከዚህ ይብሳል። የጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለጎንደር ሰው አይነገርም፤ ስለዚህ ጸጉር ቤቱ የራሱ ሮቶ፣ ጭማቂ ቤቱ የራሱ ሮቶ፣ ፎቅ ላይ ያለው ፔንሲዮን ለጥምቀት ሰሞን እንግዳ ብሎ ሁለት ተጨማሪ ሮቶ ጣሪያው ላይ ያወጣል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፣ የሚያርፈውም ከ1.5 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ። ሰው ወጥቶ ሊያጸዳው ብቻ ለታሰበ ጣሪያ የሚያዘው ጭነት ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ አይበልጥም። ሮቶውን ሶሌታው መሐል ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ቦታው ቢሞች የሚገናኙበት፣ ከሥሩ ኮለን ያለበት ነጥብ ነው። ከታች ያለውን ኮለን ለማግኘት ከጣሪያው አጥር ጠርዝ ላይ በሜትር ለኩና ታች ወርዳችሁ ያንኑ ልኬት ድገሙት። ከዚያ ከሮቶው ሥር ጭነቱን ወደ ቢሞቹ የሚያደርስ የብረት መቆሚያ ይሠራል። መቆሚያውን በቡሎን ወደ ሶሌታው የሚያስሩት ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቡሎን አንድ የማፍሰሻ ቀዳዳ ነው። የተሻለው ከኮንክሪት ትንሽ መደብ ሠርቶ እግሩን እላዩ ላይ ማሰር ነው፣ መደቡም በውኃ መከላከያው ውስጥ ተጠቅልሎ።

ለሚያፈስ ሶሌታ የተለመደው መድኃኒት ካትራም (ሬንጅ) ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ በርሜል ይጣዳል፣ ይቀባል፣ መስከረም ላይ ፀሐይ ታሰነጥቀዋለች። ዐሥር ጊዜ የተቀባ ጣሪያ ላይ የሚቀጥለው ካትራም የሚይዘው ያለፈውን ካትራም እንጂ ኮንክሪቱን አይደለም፤ አንዱ ጥግ ሲላቀቅ ሁሉም እንደ ቅርፊት ይነሳል። በደንብ ይሠራ ከተባለ መጀመሪያ የድሮው ሁሉ ተልጦ ይወርዳል። የላላው ሊሾ ይፈነቀላል። አዲሱ ሊሾ ወደ መውረጃው በየሜትሩ 1.5 ሴንቲ ዝቅ እያለ ይሠራል፤ ሶሌታው ከአጥሩ ጋር የሚገናኝበት ጥግ በሞርታር 5 ሴንቲ ያህል ይደፈናል፣ ምክንያቱም ሜምብሬን (ውኃ የማያስገባው ጥቅል ልባስ) በሹል ጥግ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሊሾው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ፕራይመር ይቀባና በጋዝ እሳት የሚለጠፈው ሜምብሬን ከዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ከመውረጃው ጀምሮ ወደ ላይ ይዘረጋል። አንዱ በሌላው ላይ 10 ሴንቲ ይደራረባል፣ አጥሩ ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ይወጣል። መጨረሻ ላይ መውረጃውን ደፍኖ 3 ሴንቲ ውኃ ለ24 ሰዓት ማቆም ነው፤ ሠራተኛው ሒሳብ የሚቀበለው ያ ካለፈ በኋላ ይሁን። የዚህ ሥራ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። እርጥብ ሶሌታ ላይ የተለጠፈ ሜምብሬን ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ የቀረው ውኃ ተንኖ እንደ ዳቦ ያብጣል።

ሌላው መንገድ ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። አይከፋም፣ ባይሆን የቆርቆሮው አሸንዳ ውኃውን መልሶ ሶሌታው ላይ እንዳይጥለው ተጠንቀቁ። ይህ ስሕተት የሚታመን አይመስልም፣ ግን በየቦታው አለ፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ከሥሩ ያለው ሶሌታ ኩሬ።

አሁን ወደ ኮንክሪቱ። ከኮርኒሱ በላይ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ፤ ፊት ለፊት ያለው ቀለም ምንም አይነግራችሁም፣ ውስጡን ለቄስ ነው። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ በፌሮው አቅጣጫ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ፣ የዝገት ቡናማ እንባ፣ እና ተገንጥሎ የወደቀ ኮንክሪት። ከዚያ ቀላል መዶሻ ይዛችሁ በየ20 ሴንቲው መታ መታ አድርጉ። ደህናው ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው እንደ ባዶ ገንቦ ይላል። የላላውን በጠመኔ አክብቡት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ኖራማ ባሕርይ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በቀዳዳዎቹ እየገባ ያን ባሕርይ ከውጭ ወደ ውስጥ ያጠፋዋል፤ ሲሚንቶው ያነሰ፣ ውኃው የበዛ ኮንክሪት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። በ40 ዓመት ውስጥ 2 ወይም 3 ሴንቲ መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ልባሱ 1.5 ሴንቲ ከሆነ ጥበቃው ፌሮውን አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ እርጥበት ካገኘ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፈትረዋል። ጣሪያው የሚያፈስ ሕንፃና ደረቁ ሕንፃ በአንድ ዓመት ተሠርተው አንዱ የሚረግፈው፣ ሌላው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ጥበቃው ምን ያህል ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ፌኖልፍታሊን ይበቃል፤ 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ የሟሟ። ኮንክሪቱን በመሮ ትንሽ ፈልጣችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ፣ አዲሱ ፊት ላይ ወዲያው ርጩበት። ደህናው ወደ ደማቅ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ጥበቃው የጠፋበት መልኩን አይቀይርም። ከጠርዙ እስከ ሐምራዊው ያለውን በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ከፌሮው ጥልቀት ጋር አስተያዩ። ሐምራዊው ገና ከፌሮው ውጭ ከሆነ ጣሪያውን አድርቃችሁ ልባሱን ብትጠብቁ ይበቃል። ፌሮው ነጣ ባለው ውስጥ ካለ ግን መጠገን አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ጥገናው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሶሌታው በባሕር ዛፍ ወይም በብረት ድጋፍ ይያዛል፤ ድጋፉ ከላይም ከታችም ጣውላ ይጫነዋል፣ አለበለዚያ የታችኛውን ወለል ይበሳል። የላላው ኮንክሪት ይፈለጣል፤ ፌሮው ግማሽ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ጣት እስኪገባ፣ 2 ሴንቲ ያህል ዙሪያውን ይከፈታል። ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ይሰንፋል፤ የፊቱን ዝገት ጠርጎ የኋላውን ይተወዋል፣ በሁለት ክረምት ውስጥ ልጥፉ ተገንጥሎ ይወድቃል። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ነጭ እስኪሆን ይፈገፈጋልና ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል። ባለ 10 ፌሮ 8.5 ሚሊ ቀርቶ ከተገኘ ከሩብ በላይ አቅሙን አጥቷል፤ በጎኑ አዲስ ይታሰርለታል፣ ከተበላው ቦታ ወዲያና ወዲህ 50 ሴንቲ እየተደራረበ። የድሮው ፌሮ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ከሆነ ጫፉ መቆልመሙን አረጋግጡ፤ ለስላሳ ብረት ኮንክሪት የሚይዘው በቁልማሙ ነው። ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ተበልቶ ከተቆረጠ እሱም ይተካል።

ከዚያ ቦታው በውኃ ይርሳል፣ የቆመ ውኃ ይጠረጋል፣ የሲሚንቶ ወጥ በብሩሽ ይቀባል፣ ሳይደርቅም አንድ ለሦስት የሆነ፣ ውኃው ያነሰ ሞርታር በየ2 ሴንቲው ድርብ እየተጫነ ይሞላል። ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አይለየው። በየካቲትና በመጋቢት የጎንደር ነፋስ ሞርታሩን በግማሽ ቀን ያደርቀዋል፤ በነፋስ የደረቀ ሞርታር ጠንክሮ ሳይሆን ተጠምቶ ነው የቀረው፣ በጥፍር ይፋቃል።

ጀሶ እዚህ ቦታ የለውም። ኮርኒስ የሚሠራ ልጅ የረገፈውን ቢም በጀሶ አስተካክሎ ቀለም ሲቀባው ያምራል። ጀሶ ግን እርጥበት ይመጥጣል፣ ይዞም ይቆያል፣ ለፌሮውም እንደ ሲሚንቶ ጥበቃ አይሰጠውም። የተዘጋ ቁስል ማለት ነው።

መብራቱን በአጭሩ። ጸጉር ቤቱ ሁለት ካስክና አንድ የውኃ ማሞቂያ፣ ጭማቂ ቤቱ ማቀዝቀዣና መፍጫ፣ ፎቶ ኮፒው 1,500 ዋት፣ ካፌው የማኪያቶ ማሽን 3,000 ዋት። አንድ ላይ ሲነሱ 11,000 ዋት ቢሆን፣ በ220 ቮልት 50 አምፔር ነው። ከቆጣሪው የሚነሳው የድሮ ገመድ ባለ 6 (6 ካሬ ሚሊ ሜትር) ከሆነ 32 አምፔር ላይ ብሬከር ሊጥል ይገባዋል። ብሬከሩ ሲጥል «ብሬከሩ ደካማ ነው» ተብሎ በባለ 63 ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጥለው ገመዱ ነው፣ በእሳት። ብሬከር የሚመረጠው ለገመዱ እንጂ ለማሽኑ አይደለም፦ ለባለ 1.5 ገመድ 10፣ ለባለ 2.5 16፣ ለባለ 4 25፣ ለባለ 6 32 አምፔር። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚወስድ እንጀራ የሚጋግር ካለ በራሱ ባለ 4 ገመድ ከማከፋፈያው ይምጣ። የድሮው መስመር ምድር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ) የሌለው፣ ሁለት ገመድ ብቻ ነው፤ ሶኬቱን ባለ ሦስት ቀዳዳ ማድረግ ምድር አይፈጥርም። የጎንደር መሬት ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ የምድር ዘንጉ አንድ ሜትር ሳይገባ ይቆማል። ቦታ መቀየር ወይም ጉድጓድ ቆፍሮ ዘንጉን በከሰልና በጨው መቅበር ነው፤ ጨው ብረቱን ስለሚበላው ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ መታየት አለበት።

ፍሳሹ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ለአምስት ሠራተኛ የተቆፈረ ሴፍቲ ታንከር ላይ ካፌ ይገናኛል። የወጥ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ረግቶ፣ የጸጉር ቤቱ ጸጉር በላዩ ተጠምጥሞ፣ የቡናው አተላ ይሞላዋል። ከካፌው መታጠቢያ ውጭ 60 በ60 በ60 የሆነ የቅባት ማቆሚያ ሳጥን ሠርቶ በየሳምንቱ መጥረግ፣ ጸጉር ቤቱ ላይ ደግሞ ወንፊት መግጠም ይበቃል። ቱቦው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ዝቅ ይበል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ደረቁ ይቀራል፤ በጣም ከበዛም ውኃው ቀድሞ እያመለጠ ያው ነው።

ክፍፍሉ በብሎኬት ይሁን በቺፑድ የሚለው ጥያቄ ፎቅ ላይ ሲሆን ጣዕም አይደለም። ባለ 15 ብሎኬት በሁለት ወገን ተለስኖ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ይደርሳል፤ ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር ርዝመት 750 ኪሎ ነው። ከሥሩ ቢም ከሌለ ሶሌታው ይጎብጣል፣ ታች ያለው ሱቅ በሩ አልዘጋ ይለዋል፤ ባለ ታችኛው አናጺ ይጠራል እንጂ ላይ የተሠራውን ግድግዳ ማን ያስባል። ፎቅ ላይ ከቢም ውጭ የሚሠራ ክፍፍል በአሉሚኒየምና በቺፑድ ይሁን።

ቆጡ ግን የእነዚህ ሕንፃዎች ጸጋ ነው። አዳራሹ ከወለል እስከ ሶሌታ 3.5 ወይም 4 ሜትር ስለሚሆን ዕቃ ለማስቀመጥ ቆጥ ማውጣት ይቻላል፣ አዲሶቹ ሕንፃዎች ይህን አይሰጡም። ቆጡ ከወለሉ በሚነሳ የራሱ እግር ይቁም፤ ግድግዳው ውስጥ በተቀረቀረ እንጨት ላይ አይንጠልጠል፣ ብሎኬቱ ባዶ ስለሆነ ይፈረከሳል። ከቆጡ በላይ ቢያንስ 60 ሴንቲ ለአየር ይተው። ያ የድሮ መጋዘን ጠባብ የአየር ቀዳዳም በካርቶን አይደፈን፤ ሱቁ የሚተነፍሰው በእሱ ነው።

ቀለምን በተመለከተ፣ የኮሪደር ልማቱ ጎንደር ከገባ ወዲህ የመንገድ ዳር ፊቶች እየታደሱ ነው፣ ለዓይንም ጥሩ ነው። የድሮው ግድግዳ ታችኛው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የዘይት ቀለም ነው፣ አንዳንዱ ላይም በቀይ የተጻፈ መፈክር አለ። በዘይት ቀለም ላይ የውኃ ቀለም ሲቀባ በሁለተኛው ክረምት ይላጣል፤ ከሥሩም «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብቅ ይላል። በብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝና ማሰሪያ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ሲፈገፈግ ውኃ እየነኩ ይሁን፤ የዚያ ጊዜ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን መተንፈስ አይገባም፣ ሕፃናትም አጠገቡ አይዋሉ። አንዳንድ ባለ ሱቅ መፈክሩን ሳይሸፍን በመስታወት ቢያስቀረው ባይ ነን፤ እንዲያ ያለ ግድግዳ ያለው የባህል ልብስ ቤት ለቱሪስት ምልክት መስጠት አይቸግረውም።

ወጪው እንዴት ይከፈል? እኩል ማዋጣት በመጀመሪያው ዓመት ያጣላል። ጭማቂ ቤቱ 6 ካሬ ሜትር ይዞ 18 ካሬ ሜትር ከያዘው ልብስ ቤት ጋር እኩል አይከፍልም። የጣሪያና የአሸንዳ በካሬ ሜትር፣ የፍሳሽ በመታጠቢያ ቁጥር፣ የዋናው ገመድ በተመዘገበ ዋት ይሁን፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ በሮቶው ቁጥር ይጨምር። የምድር ቤቱ ሰው «ጣሪያው የላይኞቹ ነው» ይላል። ኮለኑን አሳዩት፤ ከጣሪያው የወረደው ውኃ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ወረቀት ላይ የዋናው ብሬከር፣ የውኃው መዝጊያ፣ የማንሆሉና የመውረጃዎቹ ቦታ ተሥሎ ደረጃው ሥር ይለጠፍ።

የጣሪያው በር ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ሱቅ ውስጥ ይሰቀል። በግንቦት የመጨረሻው ሳምንት ሁለት ሰው መጥረጊያ፣ አካፋ፣ አንድ ባልዲ ውኃና ረጅም ሽቦ ይዞ ይውጣ። ፌስታል፣ የእርግብ ላባ፣ የዋርካ ቅጠል፣ የተሰበረ ወንበርና የማይሠራ የሳተላይት ዲሽ ይወርዳል። በየመውረጃው አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱ፤ ታች ያለው ሰው ከቱቦው ሲወጣ አይቶ ይጩኽ። ያልወጣበትን ቱቦ ቁጥር ጻፉና ሽቦውን ከታች ወደ ላይ አስገቡ፤ ከላይ ወደ ታች የተገፋ ቆሻሻ ክርኑ ላይ ሄዶ ይወተፋል።